ቀትር በደሴ ስንት ሰዓት ነው?
(ስለ ልደት ኮከብና ስለ ጀንበር ሰዓት)

ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ የቻይና ኮከብ ቆጠራ ወሬ ተነሥቷል። የተወለድክበትን ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ለስልኩ ትነግረዋለህ፤ እሱ ደግሞ ዕጣህን ያወጣልሃል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ሁሉም እንደምንም ይሞላዋል። ጉዱ የሚፈላው አራተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ከደጋን የመጣ አንድ ጓደኛችን ለእናቱ ደውሎ ቢጠይቃቸው «አንተ ልጅ፣ ከብት ሲሰማራ ነው እንጂ!» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስልኩ እንደሆነ ከቁጥር በቀር የሚገባው ነገር የለም።

እኔ በዕጣ አላምንም። ይህን የምጽፈውም ኮከብ ቆጠራን ለመስበክም ለመስደብም ብዬ ሳይሆን ከሳቁ በስተጀርባ አንድ የታሪክ ጥያቄ ስላየሁ ነው። በበኩሌ እንደሚመስለኝ፣ ያ የቻይና ቆጠራ ለሚፈልገው ነገር የእናቲቱ መልስ ከግድግዳ ሰዓት ይልቅ የቀረበ ነው። ይህን ለማስረዳት ግን ቻይና ድረስ ሄደን መመለሳችን የግድ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ቻይናዎች የልደት ቆጠራቸውን «ባ ዚ» ይሉታል፤ ስምንት ፊደል ማለት ነው። ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እያንዳንዳቸው በሁለት ሁለት ፊደል ይጻፋሉና አራት ጊዜ ሁለት ስምንት ይሆናል። እነሱ ራሳቸው ሲተርኩት፣ በታንግ ነገሥታት ዘመን የነበረው ሊ ሹጆንግ በዓመት፣ በወርና በቀን ብቻ ይቆጥር ነበር። ሰዓትን የጨመረበት በኋላ በሶንግ ዘመን የተነሣው ሹ ዚፒንግ ነው ይባላል። ሰዓት ሲሉ ታዲያ እንደኛ አይደለም። ሌሊቱና ቀኑ አንድ ላይ በ12 ይከፈላል፤ ስለዚህ የእነሱ አንድ ክፍል የኛን ሁለት ሰዓት ይይዛል። የቀትሩ ክፍል በኛ አቆጣጠር ከ5 እስከ 7 ሰዓት ያለው ሲሆን፣ በመካከሉ፣ ማለት ልክ 6 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከሰማይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ መድረስ አለባት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ክፍሉ የተሠራው በጀንበር ነው። መንግሥት፣ ባቡርና ሬድዮ የሚስማሙበት ሰዓት የሚባለው ነገር ያኔ አልተፈጠረም።

ችግሩ የመጣው ዘግይቶ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1949 ጀምሮ ያ ሁሉ ሰፊ አገር ከምሥራቅ ባሕር ዳርቻ እስከ ምዕራብ በረሃ በአንድ ሰዓት እንዲመራ ተደረገ። የሰዓቱ መሠረት ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 120 ዲግሪ ላይ ያለው መስመር ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። በዚህ ሒሳብ 87 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ያለችው ኡሩምቺ ከሰዓቱ ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ካሽጋርማ ጭራሽ ሦስት ሰዓት ሊሞላት ምንም አይቀራት። እዚያ የግድግዳው ሰዓት ቀትር ነው ሲል ጀንበር ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ናት። ይህ አልበቃ ብሎ ከ1986 እስከ 1991 በየበጋቸው ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፉት ነበር። ታዲያ ካሽጋር ላይ በሰዓት ቀትር የተወለደ ልጅ ኮከቡ የቀትር ነው ወይስ የረፋድ? ቆጣሪዎቹ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ጀንበርን የሚከተሉት ወገኖች የግድግዳው ሰዓት «እውነተኛ የፀሐይ ሰዓት» ወደሚሉት ተመልሶ ካልታረመ ቆጠራው ከንቱ ነው ባዮች ናቸው።

እርማቱ ሁለት ነው። አንደኛው አሁን ያልኩት የቦታ እርማት ነው። ሁለተኛው የፀሐይ የራሷ ጠባይ ነው። የምድር መንገድ ሞላላ ስለሆነና ምድርም ዘንበል ብላ ስለምትሽከረከር፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ፍጥነት የምትሄድ አትመስልም። በኛ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ከእኩል ሄያጅ ሰዓት 16 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፤ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 14 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኛ ሰዓት ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ መሠረቱም 45ኛው ዲግሪ ነው። ይህ መስመር በኢትዮጵያ ውስጥ የሚያልፈው በኦጋዴን በኩል፣ ዋርዴር አጠገብ ነው። ደሴ ያለችው 39 ዲግሪ ከግማሽ አለፍ ብሎ ነው። ልዩነቱ ከአምስት ዲግሪ በላይ ስለሆነ፣ ጀንበር ደሴ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ ሰዓቱ ከ6 ከ21 ደቂቃ ሲል ነው። ሁለተኛው እርማት ሲጨመርበት ቀትር በጥቅምት መጨረሻ 6 ከ5 ላይ፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ 6 ከ36 ላይ ይውላል። በዓመት ውስጥ ልክ 6 ሰዓት ላይ የሚውልበት አንድም ቀን የለም! ኮምቦልቻ፣ ደጋን፣ ባቲ እያልን ወደ ምሥራቅ ብንወርድም ለውጡ ኢምንት ነው፤ ከደሴ እስከ ባቲ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ቢሆን ነው። ጋምቤላና ጅጅጋ ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ይለያያሉ። እኩል ሰዓት አስረው በአንድ ስልክ ቢነጋገሩም አንዱ ዘንድ ጥላ ሲያጥር ሌላው ዘንድ ዘንበል ብሏል።

ስለዚህ የተወለደበትን ሰዓት ከሆስፒታል ወረቀት ገልብጦ ለስልኩ የሚነግር የደሴ ልጅ፣ በጥብቅ ከተነጋገርን፣ የሚያስቆጥረው የዋርዴርን ሰማይ ነው። ለምሳሌ በጥር ወር ከቀኑ 7 ከ15 ላይ የተወለደ ልጅ በሰዓቱ ከሄድን ከቀትሩ ክፍል ወጥቷል፤ በጀንበር ከሄድን ግን ገና ውስጡ ነው። (ከዚህ የባሰውን ስሕተት ደግሞ ብዙዎቹ ሲሠሩት አይቻለሁ፤ «2 ሰዓት» ብለው የኛን አቆጣጠር እንዳለ ለስልኩ ይሰጡታል። እሱ እኩለ ሌሊት ካለፈ ሁለተኛው ሰዓት ይመስለዋል፤ የስድስት ሰዓት ስሕተት ማለት ነው። የልደት ዓመቱን ሳይለውጡ በኢትዮጵያ ቁጥር የጻፉም አሉ። እነሱስ በነቢያት ዘመን ባይሆንም ሰባት ስምንት ዓመት ቀድመው ተወልደዋል።)

እናቲቱስ? «ከብት ሲሰማራ» ማለት ምን ማለት ነው? ከብት በሬድዮ አይሰማራም። ጎህ ቀዶ፣ ጀንበር ወጥታ፣ ጤዛው ቀለል ሲል ነው በረቱ የሚከፈተው። በደሴ ኬክሮስ ላይ በሰኔ አጋማሽ ጀንበር የምትወጣው ሰዓቱ ልክ 12 ሲል አካባቢ ነው፤ በጥምቀት ሰሞን ግን ከ12 ከ45 በፊት አትወጣም። ሰዓቱ ያው 12 ነው፤ ጀንበሯ ግን ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ ትላለች። ከብቱ የሚከተለው እሷን ነው። ዶሮ ሲጮህ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ላም ሲታለብ፣ ጀንበር ዘንበል ስትል፣ ከብት ሲገባ፣ ሰው ሲተኛ፤ እነዚህ ሁሉ የጀንበር ሰዓቶች ናቸው፤ የቦታውም የወቅቱም እርማት አብሯቸው ተሠርቷል። ደቂቃ አይገኝባቸውም አትሉኝም? አዎ አይገኝም። ግን የቻይናው ክፍል እኮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው! ለዚያ ልክ ከብቱ ይበቃል። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑን ስናስብ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ለተወለደው ሰፊ ሕዝብ ከእናት ቃል የተሻለ መዝገብ ከወዴት ይመጣል?

እዚህ ላይ የሚገርመው ነገር ሌላ ነው። ሕዝቡ ሰዓቱን በዚህ መንገድ ቢያስታውስም፣ የኛው አገር ኮከብ ቆጠራ የልደት ሰዓትን አይጠይቅም። አውደ ነገሥትን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠያቂው የሚጠየቀው ስሙንና የእናቱን ስም ነው። የፊደሎቹ ቁጥር ይደመራል፣ በ12 ይገደፋል፣ ቀሪው ኮከቡ ነው። አሥራ ሁለቱ ኮከቦችም ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት ናቸው። ስሞቹን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ዐረብኛ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ደብተራ በግዕዝ ፊደል የሚጽፋቸውን እነዚህን ስሞች ዐረብኛ የተማረ የወሎ ሼኽ ያለ አስተርጓሚ ይረዳቸዋል። (ቀውስ ማለት በነገራችን ላይ ደጋን ማለት ነው፤ የደጋን ልጆች ኮከባችሁን በነፃ አገኛችሁ።) ጥበቡ ሃይማኖት ሳይለይ በሁለቱም ወገን እንደተላለፈ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ለምን ስም ሆነ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። በልደቱ ሰዓት ሰማይን የሚለካ ሰው ባልነበረበት አገር፣ ከልደት ጋር የመጣና ማንም የማይረሳው ነገር ስም ነው፤ የእናት ስም ደግሞ ጨርሶ አይጠፋም። ግን ስም አንድ ችግር አለበት፤ ይለወጣል። ይህን ለመረዳት ከደሴ ብዙም ሳይርቁ ቦሩ ሜዳ መሄድ ይበቃል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚያ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች ክርስትና እንዲነሡ ተገደዱ። ኢማም መሐመድ ዓሊ በዚያው ዓመት ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ፤ በኋላ ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሚካኤል የሆነው እሱ ነው። በአውደ ነገሥት ሒሳብ ከሄድን ፊደሉ ሲለወጥ ድምሩ ይለወጣል፤ ድምሩ ሲለወጥ ኮከቡም ሌላ ሊሆን ይችላል። በቻይናው ሒሳብ ግን ሰውየው ሺህ ጊዜ ቢጠመቅ የተወለደበት ሰዓት ያው ነው። ቆጣሪዎቻችን የትኛውን ስም እንያዝ፣ የቤቱን ወይስ የክርስትናውን፣ የሚለውን ጥያቄ የሚያነሡት ያለ ነገር አይደለም። የቦሩ ሜዳ ዓመት ለወሎ ሰው ይህን ጥያቄ የኮከብ ብቻ አላደረገውም። ስሙ በአዋጅ የተለወጠ ሰው፣ ልጆቹ በየትኛው ስም እንደሚጠሩት መምረጥ ነበረበት። ሁለት ስም ይዞ፣ አንዱን ለአደባባይ አንዱን ለቤት አድርጎ የኖረም ጥቂት አልነበረም።

ደሴ ራሷ እንኳ በሰማይ ምልክት ነው ስሟን ያገኘችው ይባላል። በፈረንጅ 1882፣ በኛ 1875 ዓ.ም. መባቻ፣ ታላቁ ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ አፄ ዮሐንስ በአካባቢው ሰፍረው ነበርና፣ ምልክቱን ወደው ቦታውን ደሴ አሉት፣ ደስታዬ ማለታቸው ነው፣ ሲባል ይተረካል። ጅራታም ኮከብ በአብዛኛው የክፉ ወሬ ነጋሪ ተደርጎ በሚቆጠርበት ዓለም ይህ ደስ የሚል ልዩነት ነው።

ሌላው የሚያከራክር ነገር ቀን የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ቻይናዎቹ የመጀመሪያው ክፍላቸው በኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ስለሚጀምር፣ በ5 እና በ6 መካከል የተወለደ ልጅ ቀኑ የትናንቱ ነው ወይስ የነገው እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እኛ ዘንድ ጭቅጭቁ የለም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል፤ አለ እንጂ። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ቀን የሚገባው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ዋዜማው የበዓሉ ነው፤ የጁምዓ ሌሊት የምንለው ሐሙስ ማታ የሚገባው ነው። «ለማክሰኞ አጥቢያ ተወለደ» ሲባል ሰኞ ከመሸ በኋላ ነው፤ ልጁ ግን የማክሰኞ ነው። በተራ አነጋገራችን ደግሞ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ስልኩ በእኩለ ሌሊት ይለውጠዋል። ሦስት ድንበር ያለው ቀን ይዘን በአንዱ ብቻ ስንመዘገብ፣ ሌሊት የተወለድን ሰዎች ቀናችን ሊለዋወጥብን ይችላል።

እንግዲህ ልደቱ በስም ከተቆጠረ፣ የጀንበርን ሰዓት በጥንቃቄ የያዘው ማን ነበር? ጸሎት ነው። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ሌሊትና ቀን በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው፤ ኬክሮሱም በ60 ካልኢት፣ ካልኢቱም በ60 ሣልሲት እያለ ይወርዳል። ደሴ ከመንግሥት ሰዓት የምትዘገይበት 21 ደቂቃ ተኩል አንድ ኬክሮስ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ማለት የጥንቱ መምህር ሊያየው የሚችለው ልዩነት ነው። ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ የሚባሉት የጸሎት ሰዓቶች በጥላ ይለኩ ነበር። ሰውየው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጥላውን በገዛ እግሩ ይሰፍራል። የሰው ቁመት በራሱ እግር ሰባት ገደማ ነው። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ደሴ ላይ በጀንበር 9 ሰዓት ሲሆን ጥላ ከቁመት ጥቂት ያልፋል፤ ጾመኛው ሰባት እግር ሰፍሮ ሲያልፍ ሰዓቱ ደረሰ ማለት ነው። ረጅም ሰው ቶሎ ይፈስካል እንዳትሉ፤ እግሩም አብሮት ረጅም ነው።

በመስጊድ በኩል ደግሞ ይኸው ነገር ሕያው ነው። ዙሁር የሚገባው ጀንበር ከአናት ዘንበል ስትል ነው፤ ስለዚህ በደሴም በደጋንም 6 ሰዓት ላይ አዛን ሰምታችሁ አታውቁም። አስር የሚገባው በሻፊዒዎች ዘንድ የአንድ ነገር ጥላ፣ የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር፣ ከቁመቱ ጋር ሲተካከል ነው፤ በሐነፊዎች ዘንድ እጥፉ ሲሆን ነው። ወሎ ሁለቱም ያሉባት አገር ስለሆነች ጥላ መለካት የተለመደ እውቀት ነበር። መግሪብም ቢሆን ጀንበር ከጦሳ ጀርባ ስለተሸሸገች አይገባም፤ በርግጥ መጥለቅ አለባት። ደሴ ላይ ከተራራ ጥላ ሥር ያደገ ሰው ይህን ልዩነት በልጅነቱ ይማረዋል። ዛሬ በየመስጊዱ ግድግዳ የሚሰቀለው የሰላት ሰሌዳ ከቀን ወደ ቀን ደቂቃውን የሚለውጠው ለዚህ ነው። የቻይና ቆጣሪዎች በሒሳብ የሚፈልጉት እርማት እዚያ ላይ ተሠርቶ ተለጥፏል። ልደቱን በጀንበር ሰዓት ማወቅ የሚፈልግ ሰው የቀኑን ዙሁር ከሰሌዳው ወስዶ ከዚያ ይቁጠር።

ከውጭ የመጣውን ሁሉ ግን እንደወረደ መቀበል ሌላ ጣጣ አለው። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ በሆነው በመጽሐፈ ሄኖክ፣ ምዕራፍ 72 ላይ፣ ረጅሙ ቀን 12 ክፍል ሌሊቱ 6 ክፍል ይሆናል ተብሎ ተጽፏል፤ ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ማለት ነው። ደሴ ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሒሳቡ የባቢሎን ነው እንጂ የኛ ሰማይ አይደለም። በፈረንጅ 1979 ስለ ግዕዝ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ኦቶ ኖይገባወር እንዲህ ያሉትን ሒሳቦች ከምንጫቸው ጋር እያመሳከረ መርምሯል። በብራና መጻሕፍቶቻችን ለየወሩ የጥላውን ልክ በእግር የሚሰጡ ሰንጠረዦችም አሉ፤ ዓይነታቸው ከግብፅና ከቢዛንታይን በኩል የታወቀ ነው። በእነዚያ አገሮች የቀትር ጥላ ዘወትር ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው፤ በጋ ሲመጣ ያጥራል እንጂ አይዞርም። እኛ ዘንድ ይዞራል። ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ ጀንበር ደሴን አልፋ ወደ ሰሜን ስለምትሄድ ጥላችን ወደ ደቡብ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንታት ቀትር ላይ የቆመ ሰው አምስት እግር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ያው ሰው ሰኔ 14 ቀን እዚያው ቦታ ቢቆም፣ ሰማዩ ከጠራለት፣ ጥላው አንድ እግር ተኩል ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ የእጅ ሰዓቱም በዚያች ቅጽበት 6 ከ23 ይላል።